ብርቅ በሽታዎችን ከጨቅላ ሕፃናት የሚለይ ምርመራ ሲገመገም የሚሠሩ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ የተማሪዎችን የጥናት ዕቅድ ሳነብ አንድ ዐረፍተ ነገር በየዓመቱ ይገጥመኛል፦ «ምርመራው 99.9 በመቶ ትክክል ነው።» የመጀመሪያው ስህተት እዚያው ተቀምጧል። ከ10,000 ሕፃናት አንዱን የሚይዝ በሽታ እንውሰድ። 100,000 ሕፃናት ቢመረመሩ ታማሚዎቹ 10 ናቸው። ምርመራው ከሺህ ጤነኞች አንዱን ብቻ ቢሳሳት እንኳ 100 ጤነኛ ሕፃናት «ተጠርጣሪ» ይባላሉ። ከተደናገጡት እናቶች ከየ11ዱ 10ሩ በከንቱ ደነገጡ ማለት ነው። መጠየቅ ያለበት ከተጠረጠሩት ስንቱ በእርግጥ ታማሚ እንደሆነ ነው።

ሁለተኛው ስህተት፣ በሽታ ማግኘትን ነፍስ እንደ ማዳን መቁጠር ነው። ጃፓን ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሕፃናትን ሽንት እየመረመረች ኒውሮብላስቶማ የተባለውን ካንሰር ታስስ ነበር። ዕጢ በብዛት ተገኘ፤ ብዙው ግን ባይነካ በራሱ የሚጠፋ ነበር። በካናዳና በጀርመን የተደረጉ ጥናቶች ልየታው ሞትን እንዳልቀነሰ ሲያሳዩ ጃፓንም አቆመች። በመካከሉ ያለምክንያት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሕፃናት አሉ።

ምርመራው ዘረመልን የሚያነብ ሲሆን ደግሞ ሌላ ስህተት አለ፤ የዘረመል ለውጥ ሁሉ በሽታ አይደለም። ማነጻጸሪያ የሚሆነው መረጃ በአብዛኛው ከአውሮፓውያን ዝርያ የተሰበሰበ ስለሆነ፣ እኛ ዘንድ የተለመደና ጉዳት የሌለው ለውጥ «ትርጉሙ ያልታወቀ» ተብሎ ሊመጣ ይችላል። ይህን ለወላጅ ማስረዳት ቀላል አይደለም።

ሕክምናውን ሳያሰናዱ መመርመርም አለ። ፊኒልኬቶኑሪያ (ሰውነት በፕሮቲን ውስጥ ያለውን አንድ ንጥረ ነገር መፍጨት የሚያቅተው በሽታ) የተገኘበት ልጅ ልዩ ወተት ያስፈልገዋል፤ ሽሮ ክልክል ነው፣ እንጀራም ተለክቶ ነው የሚበላው። ወተቱ ከየት፣ በማን ገንዘብ?

እኔን ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ጊዜን መርሳት ነው። የታይሮይድ ሆርሞን እጥረትን ለመለየት ከተረከዝ የሚወሰደው ደም ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ከተቀዳ ያሳስታል፤ የሚለካው ታይሮይድን የሚቀሰቅሰው ሆርሞን ነው፤ እሱም በዚያ ሰዓት በተፈጥሮው ከፍ ስለሚል ጤነኛው ታማሚ ይመስላል። የእኛ እናቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ በወለዱ ማግስት ይወጣሉ። የዘጌዋ እናት በጀልባ ከተሻገረች በኋላ ውጤቱን ማን ያደርስላታል? እጥረቱ የሕፃኑን አእምሮ እንዳይጎዳ መድኃኒቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢጀመር ነው የሚመረጠው፤ ወንዱ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ የሚደርስ ወረቀት አእምሮውን አይመልስለትም።

ባለፈው በአንዱ ዕቅድ በጀት ላይ የጀልባ ሒሳብ ተጽፎ አየሁ። ሌላውን ገጽ ሳልገልጥ ወደድሁት።