ከሌላ ሙያ ወደ ሰው ሀብት አስተዳደር እንዴት ይገባል?

በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር ፋብሪካው፣ ባንኩ፣ የግል ኮሌጁና ሆስፒታሉ ሲበዛ ሠራተኛ የሚቀጥር፣ ማህደር የሚይዝና ደመወዝ የሚያሰላ ሰውም አብሮ ይፈለጋል። እኔ ወደዚህ ሥራ የገባሁት ከግብርና ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆኜ ዓመታት ያሳለፍኩት ከአርሶ አደሩ ጋር ማሳ ለማሳ ስዞር ነበር። ሙያ ልቀይር ስል መንገዱን የሚጠቁመኝ ስላላገኘሁ ብዙ ተንከራትቻለሁ። ከመምህርነት፣ ከጤና ወይም ከሌላ ሙያ ለመምጣት የሚያስብ ሰው ያንን ሁሉ መንከራተት እንዲደግመው አልፈልግም።

ብዙ ሰው ወደዚህ ሙያ የሚሳበው «ከሰው ጋር እግባባለሁ» ብሎ ነው። መግባባቱ ይጠቅማል፣ አይበቃም። የሰው ሀብት ሥራ ከሁሉ በፊት የሕግና የወረቀት ሥራ ነው። ፈገግታችን የማንንም ጡረታ አያስከብርም፤ ያልጎደለ ማህደር ግን ያስከብራል። ስለዚህ ዝግጅታችሁን ከሕጉ፣ ከደመወዝ ስሌቱና ከማህደሩ ጀምሩ።

የነበራችሁበትን ሥራ ፈትሹ

መምህር ከሆናችሁ የተማሪ መዝገብ ይዛችኋል፣ ወላጅ አነጋግራችኋል፣ ፈተና አውጥታችሁ አርማችኋል። ነርስ ከሆናችሁ የተረኛ ፕሮግራም ምን ያህል እንደሚያከራክር ታውቃላችሁ። ይህን በማመልከቻችሁ ላይ በሰው ሀብት ሥራ አጠራር ጻፉት፤ መረጃ አያያዝ፣ የፈረቃ ድልድል፣ የቅሬታ አቀባበል እያላችሁ።

እኔን በቃለ መጠይቅ «ግብርና እዚህ ምን ያደርጋል?» ብለውኝ ነበር። የጎጃም ፋብሪካ ሠራተኛ አብዛኛው የአርሶ አደር ልጅ እንደሆነ፣ ሰኔና ሐምሌ ለእርሻና ለዘር፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ለጤፍ አጨዳና ውቂያ ቤተሰቡ እንደሚፈልገው፣ የዓመት ፈቃድ ፕሮግራም ይህን አይቶ ካልወጣ ማሽኑ ሰው አጥቶ እንደሚቆም አስረዳኋቸው። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ስለ ዲግሪዬ መሆኑ ቀረ። የእናንተም ሙያ ለቀጣሪው የሚጠቅም እንዲህ ያለ ዕውቀት አያጣም፤ ፈልጋችሁ አውጡት።

በትንሹ በር ግቡ

ለኃላፊነት ቦታ አታመልክቱ። የማህደር ሠራተኛ፣ ጀማሪ የሰው ሀብት ባለሙያ፣ በግንባታ ፕሮጀክት ላይ ደግሞ የሰዓት ተቆጣጣሪ የሚሉ ማስታወቂያዎችን ተከታተሉ። ደመወዙ ሊቀንስ ይችላል፤ ከቤተሰብ ጋር አስቀድማችሁ ተመካከሩበት። በእኔ እምነት የማህደር ክፍል የሙያው ምርጥ ትምህርት ቤት ነው። ቅጥሩ፣ ዕድገቱ፣ ቅጣቱ፣ ዝውውሩና ስንብቱ ሁሉ እዚያ ተሰንዶ ይገኛል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የትምህርት ዝግጅትንና «አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ» የሚለውን መስፈርት አጥብቆ ስለሚይዝ ከሌላ ሙያ ለሚመጣ ሰው ይከብዳል። የግሉ ዘርፍ ይሻላል። አሁን መንግሥት ቤት የምትሠሩ ከሆነ ሳትለቁ በቅጥር ወይም በዲሲፕሊን ኮሚቴ ውስጥ ለመሥራት ጠይቁ፤ ቃለ ጉባኤ መያዝ የማንም ፍላጎት ስላልሆነ በደስታ ይሰጧችኋል።

ዲግሪ መጨመር የሚፈልግ ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ያለውን የማታና የቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር ይጠይቅ። ለጥቂት ቀን ሥልጠና ብዙ ብር ከፍሎ የምስክር ወረቀት መሰብሰብን ግን አልመክርም። በዚያ ገንዘብ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ ኤክሴልና በኮምፒውተር አማርኛ መጻፍን በደንብ መልመድ እጅግ ይበልጣል። በሁለት እጁ አማርኛ የሚጽፍ ሰው በየትኛውም ቢሮ ይፈለጋል።

አዋጁን በእጃችሁ ጻፉት

ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ።

የግል ድርጅት የሚመራው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የአማርኛውን ቅጂ አንብቡ፤ በሕግ የበላይነት ያለው እሱ ነው። እንደ ልብ ወለድ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አይጠቅምም። ደብተር አውጥታችሁ ቁጥር ያለበትን ድንጋጌ ሁሉ በእጃችሁ ገልብጡ። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት ሆኖ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ነው፤ አባት 3 ቀን ከደመወዝ ጋር ያገኛል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን በጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት።

እነዚህ በአንድ ሳምንት ይያዛሉ። ከባዱ ስንብት ነው።

አዋጁ በአንቀጽ 27 ያለ ቅድመ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱ ጥፋቶችን ይዘረዝራል። ለምሳሌ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ማርፈድ ወይም በድምሩ አምስት ቀን መቅረት። ጀማሪው ይህን ያነብና የመቅሪያ ሰሌዳውን ቆጥሮ የስንብት ደብዳቤ ያዘጋጃል። አንቀጹ ግን ሠራተኛው ስለ ጥፋቱ በጽሑፍ እየተነገረው የደጋገመ መሆኑንም ይጠይቃል። አለቃው በቃል የተናገረው ማህደር ውስጥ የለም፤ ማህደር ውስጥ የሌለ ነገር ደግሞ ፍርድ ቤት አይቆምም።

ሁለተኛው ወጥመድ ጊዜ ነው። አሠሪው የስንብት ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካላሰናበተ መብቱ ይቀራል። የማውቀው አንድ ድርጅት አንድን የማሽን ሠራተኛ በመቅረት ሊያሰናብት ፈልጎ ነበር። የፈረቃ ኃላፊው ሪፖርት ጻፈ፣ ሪፖርቱ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ከሌሎች ወረቀቶች ሥር ገባ፣ ሥራ አስኪያጁ ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄደ፣ በመሐል በዓል ገባ። ደብዳቤው ሲፈረም ቀኑ አልፏል፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ማህደሩ ውስጥ አልተገኘም። ሠራተኛው ከሰሰና ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ድርጅቱ ያልሠራበትን ጊዜ ደመወዝም ከፈለ።

ይህን ያየ አሠሪ ሕጉ ለሠራተኛ አደላ ይላል። እኔ አይመስለኝም። አንድ ሰው እንጀራውን ከማጣቱ በፊት ጥፋቱ በጽሑፍ ሊነገረውና ራሱን ለማረም ጊዜ ሊያገኝ ይገባል። የእኛ ሥራ ይህ መፈጸሙን ማረጋገጥ ነው፣ አለቃው ቢቆጣም። ስለዚህ የጥፋት ሪፖርት በደረሳችሁ ዕለት የደረሰበትን ቀን ጻፉበት፣ 30ኛውን የሥራ ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ አክብቡ፣ ማስጠንቀቂያውን ሠራተኛው ፈርሞ እንዲቀበል አድርጉ። አልፈርምም ካለ ሁለት ምስክር አስፈርሙበት። ስንብቱ ከተፈጸመ ደግሞ የሚገባውን ክፍያ ሁሉ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ አስከፍሉ።

ኤክሴል ቀን የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ጳጉሜንንና የእኛን በዓላት ስለማያውቅ የሥራ ቀን ቆጠራውን ለእሱ አትተዉለት፤ የዓመቱን ቀናት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዘርዝራችሁ የራሳችሁን ሰሌዳ አዘጋጁ።

ደመወዝ በወረቀት አስሉ

በሶፍትዌር አትጀምሩ። አንድ ወር ሙሉ በወረቀትና በካልኩሌተር ሥሩ። 12,000 ብር የሚከፈለውን ሠራተኛ እንውሰድ። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ቀጣዩ 2,000 በ15 በመቶ 300፣ ከዚያ ያለው 3,000 በ20 በመቶ 600፣ ሌላው 3,000 በ25 በመቶ 750፣ የቀረው 2,000 በ30 በመቶ 600 ብር፤ ድምሩ 2,250 ብር ይሆናል። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ 840 ብር ነው። እጁ ላይ የሚደርሰው 8,910 ብር ነው። አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ፣ 1,320 ብር ለጡረታ ይጨምራል።

የትርፍ ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። የቀኑ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። ሠራተኛው ይህን ስሌት ከእናንተ በላይ ያውቀዋል፤ ስህተት ካለ ደመወዝ በወጣ ዕለት በር ላይ ታገኙታላችሁ።

ስምና ዕድሜ

ማህደር ስትከፍቱ ይህን ቸል አትበሉ። አንዱ በስምንተኛ ክፍል ካርዱ ላይ ወልደ ገብርኤል፣ በቀበሌ መታወቂያው ላይ ወ/ገብርኤል፣ በፋይዳው ላይ ደግሞ ገብርኤል ብቻ ሆኖ ይመጣል። ልዩነቱን በቅጥሩ ዕለት አስተካክሉ፣ ወይም ሰውዬው ከሚመለከተው አካል ማስረጃ እንዲያመጣ ላኩት። ዕድሜም እንዲሁ ነው። ለጡረታ የሚያዘው መጀመሪያ ሲቀጠር ያስመዘገበው ነው። ከሃያና ሠላሳ ዓመት በኋላ ጡረታ ሊወጣ የሚመጣ አዛውንት የሚጉላላው ዛሬ አንድ ጀማሪ ሠራተኛ ቸኩሎ በሞላው ቅጽ ነው። ይህ ሁልጊዜ ያሳስበኛል።

ከመልቀቃችሁ በፊት

አዲሱ ቀጣሪ ደብዳቤውን ሳይሰጣችሁ መልቀቂያ አታስገቡ። በሙከራ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ መሰናበት እንዳለም አትርሱ፤ የተወሰነ ወር ወጪ የሚሸፍን ብር ይኑራችሁ። ከቀድሞው ቤት ክሊራንስ ጨርሱ። የሥራ ልምድ ደብዳቤው የሥራ መደቡን፣ የተቀጠራችሁበትንና የለቀቃችሁበትን ቀን፣ ደመወዛችሁንና ግብር መከፈሉን የሚገልጽ መሆኑን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁንም ተቀብላችሁ ውጡ፤ አዲሱ ድርጅት የመጀመሪያውን ደመወዝ ሲሠራ ይጠይቃችኋል።