ቴትራሳይክሊንን ከውኃ በብርሃን ማጥፋት፦ ቁጥሩ እንዳይሸውዳችሁ

የምንውጠው አንቲባዮቲክ ሁሉ ሰውነት ውስጥ አያልቅም። ከፊሉ በሽንት ወጥቶ ወንዝ ይገባል፣ እዚያም መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች እንዲበዙ ያግዛል። ለዚህ ነው ቴትራሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ በብርሃን የማፍረስ ሙከራ ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠሩ ተማሪዎች በደንብ እንድትሠሩት የምፈልገው።

በብርሃን እየታገዘ መድኃኒቱን የሚያፈርስ ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ምላሹን የሚያፋጥን ነገር) ያስፈልጋችኋል፤ ለጀማሪ የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ዱቄት ይሻላል። ርካሽ ነው፣ ውኃ ውስጥም አይሟሟም። ብርሃን ሲያርፍበት ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል በጣም ንቁ ቅንጣት ይፈጠራል፤ ያገኘውን ኦርጋኒክ ነገር የሚሰባብረው እሱ ነው። ግን ከ387 ናኖሜትር በታች የሆነ አልትራቫዮሌት ይፈልጋል፣ ስለዚህ በተራ አምፖል አትድከሙ። መብራቱ ሲበራ የዓይን መከላከያ አድርጉ።

100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ ውስጥ 2 ሚሊግራም ቴትራሳይክሊን አሟሙ። 50 ሚሊግራም ዱቄት ጨምሩ። ቢከሩን በፎይል ጠቅልላችሁ መብራቱን ሳታበሩ 30 ደቂቃ ያህል በማግኔት አማስሉት። ይህችን ደረጃ የሚዘል ብዙ ነው፤ መድኃኒቱ ሳይፈርስ ዱቄቱ ላይ ተለጥፎ ብቻ ከውኃው ሊቀንስ ስለሚችል፣ መነሻ ቁጥራችሁ ከዚህ በኋላ የሚለካው ነው። ከዚያ አብሩ። በየ15 ደቂቃው ትንሽ ቅዱ፣ በ0.22 ማይክሮሜትር ፊልተር አጣሩ፣ 357 ናኖሜትር አካባቢ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ በስፔክትሮፎቶሜትር ለኩ። ካላጣራችሁ ዱቄቱ ብርሃኑን ይበትነውና ንባቡ ውሸት ይሆናል።

አሁን ዋናው ነገር። ያለ ዱቄት በብርሃን ብቻ ሌላ ቢከር ሥሩ፣ ምክንያቱም ቴትራሳይክሊን አልትራቫዮሌት ሲያገኘው ራሱም ይፈርሳል፤ ያንን ሳትለዩ የቀነሰውን ሁሉ ለካታሊስቱ ከሰጣችሁት ውጤታችሁ አያስኬድም። ያለ ብርሃን በዱቄት ብቻም አንድ ሥሩ፣ ጊዜውም ከዋናው እኩል ይሁን።

ንባቡ ዜሮ ቢጠጋ እንኳ ውኃው ንጹሕ ነው አትበሉ። ሞለኪውሉ ተሰባብሮ ስብርባሪው እዚያው ሊኖር ይችላል። መሣሪያው ካለ ጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርበን (ውኃው ውስጥ በኦርጋኒክ ነገር መልክ የቀረውን ካርበን ሁሉ) ለኩ። ከሌለ ማይክሮባዮሎጂ ክፍል ሂዱና የታከመውን ውኃ ባክቴሪያ የተዘራበት ሳህን ላይ በወረቀት ዲስክ አስቀምጡት፤ በዲስኩ ዙሪያ ባክቴሪያው ካላደገ መድኃኒትነቱ ገና አለ ማለት ነው።

በተጣራ ውኃ ከሠራ በወንዝ ውኃ ድገሙት። ባይካርቦኔትና የበሰበሰ ቅጠል ራዲካሉን ስለሚሻሙ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ግን የሚጠቅመን ቁጥር ይሄኛው ነው። ዱቄቱን አትድፉት። በሴንትሪፊውጅ ለዩት፣ እጠቡት፣ አድርቁና መልሳችሁ ሞክሩት፤ በየዙሩ ምን ያህል እንደሚዳከምም መዝግቡ።