ከባህር የተያዘ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ሪፍ ታንክ ገብቶ ሲሞት፦ ችግርና መፍትሄ

አሞኒያና ናይትራይት (ከቆሻሻ የሚመጡ መርዞች) ዜሮ ነው፣ ሙቀቱ 25 ወይም 26 ዲግሪ ነው፣ ሪፍ ታንኩም (ኮራል ያለበት የጨው ውሃ ገንዳ) ወራት ቆይቷል። እንስሳቱ ግን እየሞቱ ነው።

ምልክት፦ ሽሪምፑ እንደገባ ይፈናጠራል፣ ከዚያ በጎኑ ወድቆ እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ በማግስቱ ሞቶ ይገኛል። ቀንድ አውጣው ክዳኑን ዘግቶ አሸዋ ላይ ይቀራል።

መንስኤ፦ የጨው መጠን ልዩነት። ደጋግመን የምናየው ይህንኑ ነው። ቀንድ አውጣ በሰውነቱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ የውጪውን ውሃ ጨው ተከትሎ ይለወጣል፤ የሪፍ ሽሪምፕም ድንገተኛ ለውጥ አይችልም። ሰው ግን «የባህር ውሃ ሁሉ 35 ነው» (ከሺህ፣ ማለትም በአንድ ኪሎ ውሃ 35 ግራም ጨው) ብሎ ይነሳል። አይደለም። ጅዳ ዳርቻ ቀይ ባህር ከሺህ ወደ 40 ይጠጋል፣ የፋርስ ባህረ ሰላጤ ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ከዚያም ይበልጣል። ፍሎሪዳ ውስጥ ወንዝ የሚቀላቀልበት ማንግሮቭ (የባህር ዳር ዛፎች ያሉበት ረግረግ) ደግሞ ከዝናብ በኋላ ከ20 በታች ሊወርድ ይችላል። እናንተ ጋ ያለው ታንክ 35 ነው፣ በስፔሲፊክ ግራቪቲ (ከንጹህ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ባለው ክብደት) 1.026። እንስሳቱ የመጡበትን ላስቲክ ታንክ ላይ ማንሳፈፍ ሙቀቱን ብቻ ነው የሚያስተካክለው፤ ጨውን አይነካም። ይህን የሚዘነጉ ሰዎች ብዙ እንስሳ ገድለዋል።

መፍትሄ፦ የያዛችሁበትን ውሃ እዚያው ለኩ፣ ጻፉት። መለኪያው ሪፍራክቶሜትር (ጨውን በብርሃን መታጠፍ የሚለካ መሣሪያ) ይሁን፤ የሚስተካከለውም በንጹህ ውሃ ሳይሆን በ35 መለኪያ ፈሳሽ ነው። ክንዷ የምትወዛወዘውን ርካሽ የፕላስቲክ ሃይድሮሜትር ጣሏት፦ ክንዷ ላይ አረፋ ከተጣበቀ ከእውነቱ በላይ ታነባለች፣ እናንተም በተሳሳተ ቁጥር ላይ ተመሥርታችሁ ትሠራላችሁ።

ልዩነቱ እስከ 5 ከሆነ በጠብታ አለማምዱ። 1 ሊትር የተያዙበትን ውሃ ከእንስሳቱ ጋር ባልዲ ውስጥ አድርጉ፣ የአየር ድንጋይ (አየር በአረፋ የሚያወጣ) ጨምሩ። ከታንኩ በቀጭን የአየር ቱቦ፣ ጫፉ ላይ ቫልቭ አድርጋችሁ፣ በሰከንድ 3 ጠብታ አፍስሱ፤ ይህ በሰዓት ግማሽ ሊትር ገደማ ነው። ውሃው 2 ሊትር ሲሞላ ግማሹን ድፉና እንደገና 2 ሊትር እስኪሆን አንጠብጥቡ። ከ40 የተነሳ ውሃ በመጀመሪያው ዙር 37.5፣ በሁለተኛው 36.25 ይደርሳል፤ ያኔ ማስገባት ይቻላል። ሁለቱ ዙር አንድ ላይ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ባልዲው በዚህ ጊዜ እንዳይቀዘቅዝ ማሞቂያ ይኑረው። ቫልቭ ከፍቶ ማፍጠን ሥራውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

ልዩነቱ ከ5 በላይ ከሆነ ጠብታ አይበቃም። ለይቶ ማቆያ ታንክ በተያዙበት የጨው መጠን አዘጋጁና በቀን ከ1 እስከ 2 እያደረጋችሁ አስተካክሉ።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ እንስሳቱ ረጅም መንገድ በተዘጋ ላስቲክ ከመጡ በዚያው ውሃ ውስጥ ጠብታ አትጀምሩ። በላስቲኩ ውስጥ አሞኒያ ተጠራቅሟል፤ ፒኤቹ (የውሃው አሲድነት መለኪያ) ዝቅ ስላለ ብቻ ነው ያልገደላቸው። ሲከፈት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ ፒኤቹ ያሻቅባል፣ አሞኒያው መርዝ ይሆናል። የላስቲኩን ጨው ለክታችሁ በዚያው መጠን የተዘጋጀ ንጹህ ውሃ ውስጥ ወዲያው አዛውሯቸው፤ ማለማመዱ ከዚያ በኋላ ነው።

የባልዲውን ውሃ ታንክ ውስጥ አትድፉ። ሽሪምፑን በመረብ ሳይሆን በኩባያ አንሱት፤ እግሩና አንቴናው መረብ ላይ ተይዞ ይቆረጣል። ቀንድ አውጣውን ቀና አድርጋችሁ ድንጋይ ላይ አስቀምጡ፤ በጀርባው ከወደቀ የማይገለበጥ ዝርያ ብዙ ነው።

ምልክት፦ ጨዉ ተስተካክሎም ዓሣው ደህና ሆኖ አከርካሪ የሌላቸው ብቻ ይሞታሉ።
መንስኤ፦ ታንኩ ከዚህ በፊት በመዳብ መድኃኒት ታክሞ ሊሆን ይችላል። ለዓሣ ሕክምና የሚሰጠው በሊትር 0.15 እስከ 0.20 ሚሊግራም መዳብ ለሽሪምፕና ለቀንድ አውጣ ገዳይ ነው። ድንጋይና አሸዋ መዳቡን ይዘው ቀስ በቀስ ይለቁታል፤ ቀይሯቸው።

ሽሪምፕ ሞቶ የተጋደመ መስሎ ካያችሁ፣ አውልቆ የጣለው ባዶ ቅርፊት ሊሆን ይችላል። እውነተኛው ለስላሳ ሆኖ ድንጋይ ስር ተደብቋል፤ አትረብሹት።

ሌሎች ቀንድ አውጣዎችና ክላሞች በየተራ ባዶ ዛጎል ከሆኑ፣ አዳኝ አስገብታችኋል። የዛጎሉ አፍ ከፊት በኩል ቦይ ካለው ሥጋ በል እንደሆነ ገምቱ፤ ናሳሪየስ የሚባለው ቀንድ አውጣ ግን ቦይ ቢኖረውም በአብዛኛው የሞተ ነገር ነው የሚበላው። ሾጣጣ ኮን ቀንድ አውጣን በባዶ እጅ አትንኩ። በጓንትም አትንኩ። ኪስ ውስጥ አትክተቱ። ከትልልቆቹ አንዳንዶቹ ሰው ይገድላሉ።

ፔፐርሚንት ሽሪምፕ ብላችሁ የያዛችሁት ኮራል ከበላ፣ ጀርባው ጎባጣ የሆነው ካሜል ሽሪምፕ ሊሆን ይችላል፤ አውጡት። ከጉንጩ ጎን ያበጠ ሽሪምፕ ስንጥቡ ውስጥ ጥገኛ ይዟል፤ መልሱት። ኔሪት የሚባለው ቀንድ አውጣ ከታንክ ስለሚወጣ ታንኩ ክዳን ይፈልጋል።

ዓሣ ላይ ነጭ ነጥብ ከወጣ፣ የበሽታው እንቁላል መሰል ከረጢት ዛጎል ላይ ተጣብቆ ገብቷል። ስለዚህ ከባህር የመጣ ሁሉ ዓሣ በሌለበት ታንክ በተለምዶ 76 ቀን ይቆያል።

እስራኤል ውስጥ ኢላት ላይ ኮራልና ዛጎል ማውጣት በሕግ ክልክል ነው፤ ፍሎሪዳ ደግሞ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድና የቁጥር ገደብ አለ፤ ባልዲ ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት የየአገሩን ደንብ አንብቡ።