ሹፌር አልባ አውቶቡስ ለመሃል ከተማ፦ ተሽከርካሪውን መጨረሻ ላይ ግዙ

ብዙ ከተሞች ይህን ሥራ የሚጀምሩት ከጭራው ነው። አንድ ኩባንያ የሚያምር ትንሽ ሹፌር አልባ አውቶቡስ ያሳያቸዋል፤ ባለሥልጣናቱ ፎቶ ይነሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው "የት እናሰማራው?" ተብሎ መንገድ የሚፈለግለት። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ ተሳፋሪው፣ ቀጥሎ መንገዱ፣ ከዚያ የቁጥጥር ክፍሉና ደንቡ። ተሽከርካሪው የሚገዛው መጨረሻ ላይ ነው።

ሰው መሃል ከተማ ውስጥ ከየት ተነስቶ የት እንደሚሄድ በማጥናት ጀምሩ። ከባቡር ጣቢያ እስከ ቢሮዎች፣ ከትልቅ የመኪና ማቆሚያ እስከ ሆስፒታል፣ በእግር የሚያደክም ለመደበኛ አውቶቡስ ደግሞ የሚያጥር ጉዞ ካለ ጥሩ መነሻ አገኛችሁ። በእግር አምስት ደቂቃ የሚፈጅ መንገድ ላይ ካሰማራችሁት ግን ከጎብኚ በቀር የሚሳፈር የለም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በስኮትላንድ ኤደንብራ አካባቢ በ2023 (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሙሉ መጠን ያላቸው ራሳቸውን የሚነዱ አውቶቡሶች የፎርዝን ድልድይ እየተሻገሩ መመላለስ ጀምረው ነበር። ቴክኖሎጂው ሠርቷል። በ2025 መጀመሪያ ላይ አገልግሎቱ የቆመው በቂ ተሳፋሪ ስላልተገኘ ነው።

ቀጥሎ ቀላል ሂሳብ ሥሩ። መስመሩ በአንድ አቅጣጫ 3 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ተሽከርካሪው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድም በየፌርማታውና በየመብራቱ ሲቆም አማካዩ ወደ 12 ይወርዳል። ስለዚህ መሄጃው 15 ደቂቃ፣ ደርሶ መልሱ 30 ነው። በሁለቱም ጫፍ 5፣ 5 ደቂቃ ሲያርፍ አንድ ምልልስ 40 ደቂቃ ይሆናል። በየ5 ደቂቃው እንዲደርስ ከፈለጋችሁ 8 ተሽከርካሪ ያስፈልጋችኋል፤ ቻርጅ ላይና ጋራዥ ለሚውሉት ደግሞ ሁለት ጨምሩ። እያንዳንዱ 10 ሰው ቢይዝ በሰዓት የምታጓጉዙት በአንድ አቅጣጫ 120 ሰው ብቻ ነው! የጠዋቱ ተሳፋሪ 500 ከሆነ እነዚህን ትንንሾቹን ተዉና ትልቅ አውቶቡስ አሰማሩ።

አሁን ወደ መንገዱ። እኔ በጀት ብመድብ አብዛኛውን እዚህ ላይ ነው የማውለው። በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ሞርጋንታውን ውስጥ ያለ ሹፌር ሰው ማጓጓዝ የተጀመረው በ1975 ነው። በኔዘርላንድ ሮተርዳም አጠገብ ያለው የሪቪየም አገልግሎት ደግሞ በ1999። ያኔ የዛሬው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የለም፤ ግን ተሽከርካሪዎቹ የራሳቸው መንገድ ነበራቸው። መሃል ከተማ ላይ ሙሉ በሙሉ የተለየ መንገድ ማግኘት ከባድ ቢሆንም፣ የተወሰነውን ክፍል እንኳ ለብቻው በአጥር ወይም በከፍታ ብትለዩት የሚያተርፍላችሁን የትኛውም ውድ ዳሳሽ (ሴንሰር) አያተርፍላችሁም።

መለየት የማይቻልበት ቦታ ላይ ትልቁ ራስ ምታት የቆመ መኪና ነው። ዕቃ የሚያራግፍ የጭነት መኪና መስመሩን ሲዘጋ ሰው ሹፌር ጠምዞ ያልፋል። ማሽኑ ግን ብዙ ጊዜ ቆሞ ይጠብቃል። ላስ ቬጋስ ውስጥ በ2017፣ አገልግሎቱ በተከፈተበት ዕለት፣ ወደ ኋላ እየተነዳ የመጣ የጭነት መኪና አንዱን ሹፌር አልባ አውቶቡስ ነካው። አውቶቡሱ በደንቡ መሠረት ቆሞ ነበር፤ ግን ወደ ኋላ አልሸሸም። ስለዚህ የማራገፊያ ቦታና ሰዓት ከነጋዴዎቹ ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማለት ነው፣ ከተጋጨ በኋላ አይደለም።

ረጃጅም ሕንፃዎች የሳተላይት ምልክት ይጋርዳሉ። በዚህ የተነሳ ተሽከርካሪው ቦታውን የሚያውቀው በላይዳር (በሌዘር ጨረር ዙሪያውን በሚለካ መሣሪያ) የሚያየውን አስቀድሞ ከተሠራ ዝርዝር ካርታ ጋር እያመሳከረ ነው። ግንባታ ሲጀመር ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ ወደ መንገዱ ሲያድግ ካርታውና እውነታው ይለያያሉ። ካርታ የሚያድስ ቋሚ ሠራተኛ ይኑራችሁ፤ የከተማው የግንባታ ፈቃድ ክፍልም ለእሱ ቀድሞ እንዲያሳውቅ አድርጉ። የትራፊክ መብራቶቹ ቀለማቸውን በሬዲዮ ለተሽከርካሪው እንዲናገሩ ማድረግ ይጠቅማል፣ ካሜራ በፀሐይ ነጸብራቅ ሊሳሳት ይችላልና።

ዋናው ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ ችግር ሲፈጠር መሪውን እንዲቀበል ተሽከርካሪው ውስጥ የሚቀመጠው ተቆጣጣሪ መቼና እንዴት ነው የሚወርደው? በፍሎሪዳ ጃክሰንቪል በ2025 አጋማሽ መሃል ከተማው ላይ አገልግሎት ሲጀመር በየተሽከርካሪው ሰው ነበረበት። ጅማሬ ላይ ይህ ትክክል ነው። ግን ተቆጣጣሪው ለዘላለም ከተቀመጠ የገዛችሁት ዝግ ያለና ውድ ሚኒባስ ነው። እንዲወርድ ደግሞ ሥራውን ማን እንደሚረከብ መወሰን አለበት። ሁኔታውን ከርቀት የሚያይና ለተሳፋሪ ድምፅ መልስ የሚሰጥ የቁጥጥር ክፍል ያስፈልጋል፤ አንድ ሰው ስንት ተሽከርካሪ እንደሚከታተልም በሙከራ ይታወቅ። ኔትዎርክ ቢቋረጥ ተሽከርካሪው በራሱ ጠርዝ ይዞ መቆም መቻል አለበት። የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ከመንገድ እንዴት እንደሚያነሱት ይሠልጥኑ፤ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሹፌር አልባ ታክሲዎች መንገድ ዘጉብን ብለው ደጋግመው አማርረዋል።

ዊልቸር የሚጠቀም ሰውስ? መወጣጫው በራሱ ቢዘረጋ እንኳ ወንበሩን የሚያስረው ማነው? ይህን ከአካል ጉዳተኞች ጋር ተቀምጣችሁ ፍቱት፣ ዲዛይኑ ካለቀ በኋላ ለምርቃት አትጥሯቸው። በ2021 ቶኪዮ ፓራሊምፒክ ላይ የአትሌቶች መንደር ውስጥ የሚመላለስ እንዲህ ያለ ተሽከርካሪ የማየት ችግር ያለበትን የጁዶ ተወዳዳሪ መንገድ ሲያቋርጥ ገጭቶታል። የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ በዝግታ ሲሄድ ድምፁ አይሰማም። ድምፅ ማሰሚያ ግድ ነው።

ድንገተኛ ፍሬንም አትናቁ። ኮሎምበስ ኦሃዮ ውስጥ በ2020 አንዲት ተሳፋሪ ተሽከርካሪው በዝግታ እየሄደ በድንገት ሲቆም ከወንበሯ ወደቀች። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤትም የዚያኑ አምራች ተሽከርካሪዎች በ10 ግዛቶች ሰው እንዳይጭኑ አገደ። ቀበቶ ይኑር፤ ቆሞ መሄድ የሚፈቀደው የፍሬኑ ልስላሴ ተለክቶ ከተረጋገጠ በኋላ ይሁን።

ይህ ሁሉ ከተዘጋጀ ጨረታ አውጡ። ኩባንያው ነገ ሊዘጋ ይችላል ብላችሁ ተዋዋሉ፦ ኦሊ የተባለውን አውቶቡስ የሠራው ሎካል ሞተርስ በ2022 ተዘግቷል፤ የፈረንሳዩ ናቪያም በ2023 ከስሮ ፍርድ ቤት ገብቷል። ካርታውና የጉዞ መረጃው የከተማው ንብረት እንዲሆን፣ መለዋወጫና የሶፍትዌር ድጋፍ እንዳይቋረጥ ውሉ ላይ ይጻፍ።

ከዚያ ባዶውን አስኪዱት፤ በሌሊት፣ በዝናብ፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት። ተቆጣጣሪው መሪውን በተቀበለ ቁጥር ቦታውንና ምክንያቱን መዝግቡ። አንድ መገናኛ ላይ ደጋግሞ የሚቀበል ከሆነ ሶፍትዌሩን ከመነካካታችሁ በፊት ያንን መገናኛ ሄዳችሁ እዩት፤ ብዙ ጊዜ የደበዘዘ መስመር ወይም አስቸጋሪ ማቆሚያ ታገኛላችሁ። ቲኬቱ ከሌሎቹ አውቶቡሶች ጋር አንድ ይሁን፣ ሰው ሁለት ጊዜ አይክፈል። ሁለተኛውን መስመር የምትከፍቱት የመጀመሪያው ላይ ተቆጣጣሪው ወርዶ አገልግሎቱ ሰዓቱን ጠብቆ መሄድ ሲችል ነው።