ከሰበታ እስከ ስድስት ኪሎ፦ ልዩ ሁኔታ ያለበት አመልካች ሕግ ትምህርት ቤት እንዴት ይገባል?

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሕግ ለማጥናት ሁለት በር ይታለፋል። አንደኛው ዩኒቨርሲቲው ራሱ የሚገባበት ምደባ ነው። ሁለተኛው ከፍሬሽማን (የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት) በኋላ የሚደረገው የትምህርት ክፍል ድልድል ነው። ለመጀመሪያው በር ያስገባችሁት የሕክምና ማስረጃ በራሱ እግር ወደ ሁለተኛው አይሄድም። ስለዚህ ማየት የተሳነው፣ ዊልቸር የሚጠቀም፣ ቋሚ ሕክምና ላይ ያለ ወይም ሕፃን የምታጠባ አመልካች ጉዳዩን ሁለቴ ማመልከት አለበት።

ሥራው የሚጀምረው በ12ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ነው። ማየት የተሳነው ተማሪ ሁኔታው በምዝገባው ላይ ካልሰፈረ ብሬል፣ አንባቢና ተጨማሪ ሰዓት በፈተና ዋዜማ ተለምኖ አይገኝም። ርዕሰ መምህሩ «አስመዝግበናል» ቢላችሁም የተሞላውን ቅጽ በዓይን እዩት ወይም በምታምኑት ሰው አስነብቡት። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ከዚያ በታች ያመጣ፣ የዓመቱን የሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) መቁረጫ ነጥብ ካሟላ፣ በዚያ በኩል ይሞክራል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚገባው የሐኪሙ ወረቀት ነው። የግል ክሊኒክ ወረቀት ብዙም አያስኬድም፤ ከመንግሥት ሆስፒታል፣ ቢቻል የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ፣ ማኅተምና ቀን ያለበት ያዙ። «የኩላሊት ሕመምተኛ ነው» የሚል ወረቀት ለመዳቢው ምንም አይነግረውም። «በሳምንት 3 ቀን የኩላሊት እጥበት ያደርጋል፤ አገልግሎቱ በሌለበት ከተማ መኖር አይችልም» የሚለው ግን ውሳኔውን ራሱ ይጠቁማል። ዓይነ ስውር ለሆነች አመልካችም «የማየት ችግር አለባት» አይበቃም፤ «በሁለቱም ዓይኗ ማንበብ አትችልም፤ ለጽሑፍ ፈተና አንባቢና ተጨማሪ ሰዓት ያስፈልጋታል» ተብሎ ይጻፍ። ሐኪሞች ይቸኩላሉና የምትፈልጉትን ዐረፍተ ነገር ጽፋችሁ ይዛችሁ ግቡ።

የራሳችሁ ማመልከቻ ከአንድ ገጽ አይለፍ። ሁኔታው፣ የሚያግደው ነገር፣ የምትጠይቁት ነገር፣ የተያያዘው ማስረጃ፤ በቃ። የችግር ታሪክ መደርደር ጥያቄውን ይቀብረዋል።

ሰበታን ጨምሮ ሸገር ከተማ ውስጥ ለምትኖሩ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ፤ የስም አጻጻፍ። ጫልቱ የሚለው ስም በቁቤ (በአፋን ኦሮሞ የላቲን ፊደል) በ«ሲ» ብቻ ይጀምራል፤ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ግን «ሲ ኤች» ይሆናል። መታወቂያው በአንዱ፣ የፈተና ካርዱ በሌላው ከተጻፈ ሬጅስትራር «ሁለት ሰው ናችሁ» ሊል ይችላል። የፋይዳ መታወቂያው፣ የ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬቱና የ12ኛው ውጤት አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ፊደል በፊደል ይመርመሩ። ልዩነት ካለ ማስተካከያው ከምደባ በፊት ይጀመር። በአፋን ኦሮሞ ብቻ የተጻፈ የወረዳ ወይም የሆስፒታል ደብዳቤም ፌዴራል ተቋም ከመግባቱ በፊት በሕጋዊ ተርጓሚ ቢተረጎም ይሻላል።

ምደባ ሲመጣ ልዩ ጥያቄ የሚቀርብበት ጊዜ አጭር ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱ ሁሉ አስቀድሞ ስካን ተደርጎ ስልካችሁ ላይ ይቀመጥ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የምትፈልጉ ደግሞ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱ የመግቢያ ፈተና እንዳለው አትርሱ። የአንባቢና የሰዓት ጥያቄ ለዚህም ፈተና ለብቻው ይቀርባል። የሕግ ትምህርት ቤቱ ስድስት ኪሎ ዋናው ግቢ ነው። ከሰበታ አየር ጤና፣ ከዚያ ሜክሲኮ እያላችሁ በታክሲ ስትቀያየሩ ረፋዱ ያልፋል፤ ቢሮዎች ደግሞ 6:30 ላይ ለምሳ ይዘጋሉ፣ ዓርብ 5:30 ላይ። አንድ ኮፒ ቢጎድል አንድ ቀን ሄደ ማለት ነው። ኦሪጅናል፣ የእያንዳንዱ 3 ኮፒና 8 ጉርድ ፎቶ በአንድ ፋይል ይሁን።

አሁን ብዙዎች የሚዘናጉበት ሁለተኛው በር። ወደ ሕግ የሚያስገባው የፍሬሽማን ውጤት ነው፤ ውጤቱ ደግሞ ሒሳብ፣ ሎጂክና ጂኦግራፊን ይጨምራል። ካርታውን ማየት ያልቻለ፣ ሰሌዳ ላይ «ይህ ሲካፈል ለዚህ» እየተባለ የተጻፈውን መከታተል ያልቻለ ተማሪ ሕግን የሚያጣው እዚህ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የተማሪዎች ዲን ቢሮና የልዩ ፍላጎት ድጋፍ ክፍሉ ጋ ሄዳችሁ የፈተና አሰጣጡን በጽሑፍ ጠይቁ፤ የገባበት ቁጥር ያለበትን ቅጂ ያዙ። ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ «ካርታው አልተነበበልኝም» ማለት ውጤት አያስቀይርም። በድልድሉ ጊዜም የልዩ ድጋፍ ጥያቄውን ከማስረጃው ጋር እንደገና አስገቡ።

ጥያቄው ልመና አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41(5) መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲመድብ ያዛል፤ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 24 ከፍተኛ ትምህርትን ይጠቅሳል። ማመልከቻው ግርጌ አንድ መስመር በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ጠብ ይመስላል።

ማየት የተሳናችሁ ኮምፒውተራችሁ ላይ ኤንቪዲኤ (NVDA) የሚባለውን ስክሪን አንባቢ፣ ማለትም ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ ጫኑ፤ ነፃ ነው፣ አማርኛም ያነባል። ስካን የተደረገ ነጋሪት ጋዜጣ ግን ለስክሪን አንባቢ ፎቶ ነው፤ ዝም ይላል። ስለዚህ መምህራንን ሶፍት ኮፒ ስትጠይቁ ጽሑፉ የሚመረጥ ፋይል እንዲሆን አስረዱ።

መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ካልተሳካ፣ ግል ኮሌጆች ሕግ እንዲያስተምሩ ተፈቅዶላቸው እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ። ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለዚያው ካምፓስ፣ ለሕግ ትምህርት ፈቃድ መስጠቱን አጣሩ፤ የዋናው ካምፓስ ፈቃድ ለቅርንጫፉ አያገለግልም። ለዊልቸር ተጠቃሚ ደግሞ ክፍሉ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነና ሊፍቱ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ሄዶ ማየት ይቀድማል።