የኳንተም ዎክ ደረጃ አልረጋ ላላችሁ

የጣና ወደቦችን ደረጃ በኳንተም ዎክ (አንድ የኳንተም ቅንጣት በኔትወርክ ላይ ሲዘዋወር የት የመገኘት ዕድሉ እንደሚበልጥ በማስላት) ሳወጣ ውጤቱ አልረጋ አለኝ። ባሕር ዳር፣ ዘጌ፣ ደቅ፣ ቁንዝላ፣ ደልጊ፣ ጎርጎራ፤ ስድስቱን በአንድ መስመር አያይዣቸዋለሁ። ዎኩ የሚሄድበትን ጊዜ ትንሽ ስነካው አንደኛ የሚወጣው ወደብ ይቀየራል።

መጀመሪያ ጊዜውን አስረዘምኩ፣ እንደ ፔጅራንክ (የጉግል የድረ ገጽ ደረጃ ማውጫ ዘዴ) ውሎ አድሮ ይረጋ እንደሆነ ብዬ። ጭራሽ! ዎኩ ዩኒታሪ (ምንም ሳይጠፋ ወደ ኋላ ሊመለስ የሚችል) ስለሆነ ሲወዛወዝ ይኖራል እንጂ አይቆምም። በሳይፓይ ኤክስፒኤም (expm፣ የፓይተን የማትሪክስ ኤክስፖኔንሻል ማስያ) የጊዜ እርምጃውን ማሳነሱም ጠብ የሚል ነገር አላመጣም።

ከዚያ የአንድ ቅጽበት ዕድሉን ትቼ የረጅም ጊዜ አማካዩን ወሰድኩ። በኑምፓይ ኢግኤች (eigh) የአጎራባችነት ማትሪክሱን (የትኛው ወደብ ከየትኛው እንደተያያዘ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ) አይገንቬክተሮች፣ ማለትም ማትሪክሱ ሲያባዛቸው በአንድ ቁጥር (አይገንቫልዩ) ብቻ የሚባዙትን ቬክተሮች፣ አወጣሁ። ለእያንዳንዱ ቬክተር የወደቡን ድርሻ ስኩዌር፣ ቬክተሩ ከመነሻው ጋር ባለው ኢነር ፕሮዳክት (አቻ ቁጥሮቹ ተባዝተው ሲደመሩ) ስኩዌር አባዝቶ መደመር ነው። ረጋ።

ግን ከባሕር ዳር ብቻ ስነሳ ባሕር ዳርና ጎርጎራ 3/14፣ የቀሩት 1/7 ሆኑ። ጫፍ ላይ ያሉት አንደኛ መሆናቸው አይዋጥም። መነሻውን በአንድ ጊዜ ለስድስቱም እኩል ሳካፍል (እኩል ሱፐርፖዚሽን) ደቅና ቁንዝላ 0.262፣ ዘጌና ደልጊ 0.167፣ ባሕር ዳርና ጎርጎራ 0.071 አገኙ። ይሄ ያስኬዳል።

የእናንተ ኔትወርክ የተደጋገመ አይገንቫልዩ ካለው ግን ቬክተሮቹን ለየብቻ ስኩዌር አታድርጉ። የአንድ ቫልዩ የሆኑትን ብዜቶች (የወደቡ ድርሻ በኢነር ፕሮዳክቱ ሲባዛ) መጀመሪያ ደምሩ፣ ከዚያ ስኩዌር።