የገበያ መንገድ፦ ሚዛንና የሰውነት ቅንጅትን በጨዋታ ማስተማር (ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል)

ልጅን «ሚዛንህን ጠብቅ» ብሎ ማዘዝ ብዙም አይረዳም። ይህን ሲሰማ ሰውነቱን ያደርቃል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ ዓይኑን እግሩ ላይ ይተክላል፤ ሦስቱም ይጥሉታል። «እንቁላል ተሸክመሃል፣ ገበያው ከፊትህ ነው» ሲባል ግን አንገቱ ይቀናል፣ እርምጃው ይለዝባል፣ ዓይኑም ከመሬት ይነሳል። ስለዚህ ታሪክ የምንመርጠው ልጆቹን ስለሚያስደስት ብቻ አይደለም፤ የምንፈልገውን እንቅስቃሴ ራሱ የሚያስገድድ መሆን አለበት። «እንደ አንበሳ ሁኑ» ብትሉ የምታገኙት ጩኸት ነው። «እንደ ሽመላ ቁሙ» ብትሉ ግን ክፍሉ በሙሉ በአንድ እግሩ ይቆማል።

ከዚህ በታች ያለው የ40 ደቂቃ ትምህርት ነው። ጭብጡ ወደ ገበያ መሄድ ነው፤ በከተማም በገጠርም ያለ ልጅ ያውቀዋል፣ በውስጡም መንገድ፣ ወንዝ፣ ሸክምና ጭነት ማውረድ ስላለ የሚዛንን ሥራ በሙሉ ያቅፋል።

አስቀድሞ አንድ ነገር። ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው በዓይኑ፣ በውስጠኛው ጆሮው፣ እንዲሁም ከውስጥ እግር፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ በሚመጣ ስሜት ነው። ትንንሽ ልጆች ከሦስቱ ይበልጥ በዓይናቸው ይደገፋሉ። ዓይን ጨፍኖ መቆምን ለ1ኛ ክፍል አታምጡት፤ ለ3ኛና ለ4ኛ ክፍል ግን ጥሩ ማክበጃ ነው።

የሚያስፈልገው

20 በ10 ሜትር የሆነ፣ ድንጋይና ስባሪ የተለቀመበት ሜዳ ይበቃል። መስመሩን በአመድ ወይም መሬቱን በዱላ በመጫር፣ ሲሚንቶ ከሆነ በጠመኔ ያስምሩ። ኖራ ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ለልጆች ሜዳ አይሆንም። ሦስት ገመዶች፣ ጥቂት ካርቶኖች፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ደግሞ አንድ የአሸዋ ከረጢት ያዘጋጁ።

ከረጢቱ ከአሮጌ ካልሲ ወይም ከወፍራም ጨርቅ ይሰፋል፤ ስፋቱ 12 በ12 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 150 ግራም ገደማ። አሸዋውን ነፍተው ፀሐይ ላይ ካላደረቁት ጨርቁን ያበሰብሰዋል። ጢም ብሎ አይሞላ፤ ሲሦው ባዶ ይቅር። የተወጠረ ከረጢት ከጭንቅላት ላይ ይንከባለላል፣ ልል የሆነው ግን ይተኛል። በባቄላ ወይም በሽንብራ መሙላት ይቻላል፤ ነገር ግን ነቀዝ ይገባበታል፣ እህል መጫወቻ መሆኑም ብዙ ቤተሰብ ያስቀይማል።

የክፍሉ ብዛት 48 ከሆነ በአራት ጣቢያ 12፣ 12 ይመድቡ። በየጣቢያው ሦስት መስመር ይኑር፤ በአንድ መስመር አራት ልጅ ማለት ነው። ይህን ክፍፍል አቅልለው አይዩት። በአንድ ረጅም ሰልፍ የቆመ ክፍል ውስጥ ልጁ ከ40 ደቂቃው ሁለቱን እንኳ አይንቀሳቀስም፤ መገፋፋቱና ጸቡም የሚጀመረው እዚያ ሰልፍ ላይ ነው።

ማሟሟቂያ፣ 5 ደቂቃ

ልጆቹ ሜዳው ላይ ተበትነው «ወደ ገበያ» ይራመዳሉ። አንድ ጭብጨባ አቅጣጫ መቀየር፣ ሁለት ጭብጨባ ሽመላ ሆኖ በአንድ እግር መቆም፣ ሦስት ጭብጨባ ቁጢጥ ብሎ መነሳት ነው። ሽመላ ሲሆኑ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ መሆኑን ይከታተሉ፤ ካልተነገራቸው ሁልጊዜ የሚቀናቸውን እግር ይመርጣሉ።

ከዚያ በአራቱ ጣቢያ ስድስት ስድስት ደቂቃ ይዘዋወራሉ።

1. በማሳ መካከል ያለው ጠባብ መንገድ

6 ሜትር ገመድ መሬት ላይ ይዘርጉ። ልጁ ተረከዙን ከሌላው እግሩ ጣት ጋር እያገጣጠመ ይሄዳል፤ ግራና ቀኙ የተዘራ እህል ነውና አይረገጥም። ለጀማሪ ከገመዱ በፊት 20 ሴንቲ ሜትር የሚራራቁ ሁለት መስመሮች ይስጡት፣ ከዚያ ወደ 10 ያጥብቡት፣ ገመዱ በመጨረሻ ይምጣ።

ዋናው ነገር ዓይን ነው። በመንገዱ ጫፍ ላይ በልጁ ደረት ቁመት እንጨት ተክለው ደማቅ ጨርቅ ይሰሩበት፤ «ገበያው» እሱ ነው። እግሩን የሚያይ ልጅ ጭንቅላቱ ወደፊት ይወድቃል፣ ክብደቱም ይከተላል፣ ከዚያ እንዳይወድቅ መሮጥ ይጀምራል። ጨርቁን እያየ ከሄደ ግን ገመዱን በውስጥ እግሩ መፈለግ ይለምዳል፤ የምንፈልገውም ይህን ነው። የጠዋት ክፍለ ጊዜ ከሆነ መንገዱን ወደ ምሥራቅ አያድርጉት፤ ፀሐዩ ፊታቸውን ሲመታቸው ሁሉም ወደ መሬት ያቀረቅራሉ።

ሮጦ ለመጨረስ የሚቸኩል ልጅ በየክፍሉ አለ። «ቀስ በል» ከማለት ግማሽ ድረስ ውኃ ያለበት ኩባያ ያስይዙት።

የሚንቀጠቀጠውን ልጅ እጁን አይያዙት፤ ክብደቱን እርስዎ ላይ ጥሎ ያለ ሚዛን ይሻገራል። አጭር ዱላ አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እርስዎ ይያዙ። መደገፍ ሲያበዛ ዱላው ስለሚወዛወዝ ሳይነገረው ራሱን ያቃናል።

ለ3ኛና ለ4ኛ ክፍል ገመዱ ሲቀላቸው 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 2.5 ሜትር ርዝመት ያለው ጣውላ ያስገቡ። መጀመሪያ መሬት ላይ ተኝቶ፣ በኋላ ከ15 ሴንቲ ሜትር ሳያልፍ ከፍ ብሎ። ድጋፎቹ ከጣውላው ጫፍ ጋር እኩል ይሁኑ፤ ወደ ውስጥ ከገቡ አንዱ ጫፍ ሲረገጥ ሌላው ይነሳል። መሃሉ ላይም ሦስተኛ ድጋፍ ያስፈልጋል።

2. ወንዙን በድንጋይ መሻገር

30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሰባት ክቦች በጠመዝማዛ መስመር ይሳሉ። ርቀቱ ለ1ኛ ክፍል 40፣ ለ4ኛ ክፍል እስከ 70 ሴንቲ ሜትር። ቀጥ ባለ መስመር ከተሳሉ ልጁ በፍጥነቱ ተገፍቶ ያልፋል፤ ጠመዝማዛው ግን በየክቡ እንዲቆም ያስገድደዋል። በእያንዳንዱ ላይ በአንድ እግር ቆሞ ሦስት ይቆጥራል። ሲያርፍ ድምፅ አይሰማም፣ ዓሣው ይሸሻልና። ይህች ቃል ጉልበት ማጠፍን ከማንኛውም ማብራሪያ በተሻለ ታስተምራለች፤ ጉልበቱን ያላጠፈ ልጅ መሬቱን ሲመታ ይሰማል። ሲሚንቶ ላይ ካርቶን ወይም ማዳበሪያ አንጥፈው «ድንጋይ» እንዳያደርጉ፤ ያንሸራትታል።

3. እንቁላል ተሸካሚዎች

ከረጢቱ በጭንቅላት፣ ቀጥሎ በእጅ ጀርባ፣ ቀጥሎ በትከሻ። 5 ሜትር ሄዶ መዞር፣ ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ መመለስ። ከረጢቱን በእጁ የሚደግፈው ልጅ እጆቹን እንደ ክንፍ ይዘርጋ። የወደቀበት ካለበት አንስቶ ይቀጥል፤ ወደ መነሻው መመለስ ደካሞቹን ብቻ ይቀጣል።

4. ጭነት ማውረድ

ልጁ በክብ ውስጥ ይቆማል፤ በግራው አምስት ከረጢት፣ በቀኙ ካርቶን ይቀመጣል። በቀኝ እጁ ብቻ ከግራ አንስቶ ወደ ካርቶኑ ያስገባል፣ ከዚያ ተቃራኒውን በግራ እጁ። እግሩ ከቦታው አይነቃነቅም። ብዙ ልጆች እጃቸውን ከደረታቸው መሃል ከማሻገር ይልቅ መላ ሰውነታቸውን ያዞራሉ። ይህ ችግር በጽሕፈትም ላይ ይታያል፤ ከገጹ ግራ ወደ ቀኝ ሲሄዱ ደብተሩን የሚያንሸራትቱትን ልብ ይበሉ። ሥራው ከቀለላቸው ሁለት ሁለት ሆነው በ2 ሜትር ርቀት ይወራወሩ።

ማጠቃለያ ጨዋታ፣ 6 ደቂቃ

ሰኞ ማክሰኞ። በአንድ እግር መዝለል፣ ጠጠር ማነጣጠር፣ በአንድ እግር ቆሞ ጎንበስ ብሎ ማንሳት፤ ዛሬ የተማሩት ሁሉ አለበት። ስድስት ቦታ ይሳሉ፣ ስምንት ስምንት ልጅ ይመድቡ፣ ሁለተኛውን ዙር በማይቀናቸው እግር ያጫውቱ። ቀሪው 5 ደቂቃ ለሰውነት ማቀዝቀዣና ዕቃ ለመሰብሰብ ነው።

ነጠላ ጫማ ስለሚያንሸራትት ይውለቅ፤ ሜዳው ንጹሕ ከሆነ ባዶ እግር እንዲያውም ይሻላል፣ ውስጥ እግር መሬቱን ይበልጥ ይሰማዋል። ማየት ለተሳነው ልጅ የጠባቡን መንገድ ገመድ በወገብ ቁመት ወጥረው እየዳሰሰ ይሂድ። በተሽከርካሪ ወንበር ያለ ልጅ ከወንበሩ ስፋት 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ በሚበልጥ መስመር ውስጥ ይነዳል፤ የአሸዋ ከረጢቱን ሥራ ግን እንደማንኛውም ልጅ ይሠራል። ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የሚያጋድል፣ የሚያዞረው፣ ጆሮው የሚመግል ወይም በፊት ደህና ሲራመድ የነበረ አሁን የሚወድቅ ልጅ ካለ ለወላጆቹ ነግረው ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ።

ለውጡን ለማየት በመንፈቁ መጀመሪያና መጨረሻ እጅን ወገብ ላይ አድርጎ በአንድ እግር መቆምን በሰዓት ይለኩ፤ ሁለቱም እግር በየራሱ፣ 30 ሴኮንድ ላይ ይቁም። ያነሳው እግር መሬት ሲነካ ወይም እጁ ከወገቡ ሲለቅ ያበቃል። ውጤቱን በመዝገብ ይያዙ እንጂ በክፍሉ ፊት አያንብቡ፤ የቀኝና የግራው ልዩነት ሰፊ ለሆነበት ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ከወንዙ ድንጋዮች ሁለቱን ለደካማው እግር ብቻ ምልክት ያድርጉለት።